የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ለመሆን ምን ያስፈልጋል? የመግቢያ መስፈርቱ የሚለካውና የማይለካው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግሥት ጎንደር ውስጥ ከቤት ቤት የሚዞር ጥያቄ አለ፤ «ዩኒቨርሲቲው ካልሆነ ምን ይማር?» የሚል። ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው የጤና ሙያን ነው። ከጤና ሙያዎች መካከል ደግሞ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻንነት፣ በተለምዶ «ኢኤምቲ» የሚባለው፣ ስሙ ይነሣል። ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ሲጠየቅ ግን ሦስት የተለያዩ መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «10ኛ ክፍል የጨረሰ ይገባል» ይላል። ሌላው «የለም፣ 12ኛን ተፈትኖ የመቁረጫ ነጥቡን ያመጣ ብቻ ነው» ብሎ ያርመዋል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ያነብባል፦ ዕድሜ 18፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሲፒአር ምስክር ወረቀት፤ ሥልጠናውም ጥቂት ወራት።

ሦስቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው የሚናገረው ትናንት የነበረውን ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ ያለውን፣ ሦስተኛው ደግሞ አሜሪካ ያለውን። ግራ መጋባቱ የአንድ ሰሞን ወሬ ቢሆን ኖሮ በአንድ ማስታወቂያ ይጠራ ነበር። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ከበድ ያለ ነው፤ ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ባለበት ሰዓት አጠገቡ የሚቀመጠውን ባለሙያ ከማን መካከል ነው የምንመርጠው? በምን መለኪያ?

ሙያው ምንድን ነው?

ኢኤምቲ ማለት አንድ ሰው ከታመመበት ወይም ከተጎዳበት ቦታ አንሥቶ ሆስፒታል እስኪያደርሰው ድረስ ሕይወቱን የሚያቆይ ባለሙያ ነው። የአየር መተላለፊያ ይከፍታል፤ የሚፈስ ደም ያቆማል፤ የተሰበረ አጥንትን በደጋፊ ያስራል፤ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ምጥ መንገድ ላይ ከጠና ያዋልዳል፤ ለተቀባዩ ሆስፒታልም ምን ዓይነት ሕመምተኛ እየመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ያሳውቃል። ሾፌር አይደለም፤ ነርስም አይደለም። ፓራሜዲክ የሚባለው ደግሞ ከእሱ ከፍ ያለ ሥልጠና ያለው፣ ተጨማሪ መድኃኒቶችን የሚሰጥና የልብ ምት ሥዕል የሚያነብ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት የተለመደ ስሕተት ነው።

በእናቶች ጤና ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት አነጋገር አላቸው። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚጠፋው፤ ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር ያለው። ኢኤምቲ የሚሠራው በሁለተኛው ውስጥ ነው። መንገዱን ማሳጠር አይችልም፤ በመንገዱ ላይ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ግን መቀነስ ይችላል።

ይህ ለጎንደር የንድፈ ሐሳብ ነገር አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በመተማም በኩል፣ በደባርቅም በኩል፣ በደንቢያና በጭልጋም በኩል የሚመጣውን ከባድ ሕመምተኛ የሚቀበል የመጨረሻ በር ነው። ከደባርቅ ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ዛሬም ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ትከሻ እየተቀያየሩ ነው አስፋልት የሚያወጡት።

ዛሬ ያለው በር

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢኤምቲ የሚሠለጥነው በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት፣ በደረጃ 4 ነው። ሰው በልማድ «ዲፕሎማ» ይለዋል። ቀድሞ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚገባው 10ኛ ክፍልን ተፈትኖ ወደ መሰናዶ ያላለፈ ተማሪ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ እስከ 12ኛ የሚዘልቅ ሆኖ ብሔራዊው ፈተናም በ12ኛ መጨረሻ ላይ ብቻ ቀረ። የኢኤምቲ በርም ከሱ ጋር ሁለት ዓመት ወደ ላይ ወጣ። «10ኛ ክፍል ይበቃል» የሚለው ታላቅ ወንድም እሱ የገባበትን ዘመን ነው የሚያስታውሰው።

አሁን በየዓመቱ የፈተናው ውጤት ከታወቀ በኋላ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለየደረጃው የመቁረጫ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ አካባቢዎችም ዝቅ ይላል። ስለዚህ «የኢኤምቲ መግቢያ ነጥብ ይህን ያህል ነው» ብሎ ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ መጥቀስ አያስኬድም። ከነጥቡ በላይ ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው የሚያደርጉት መረጣ አለ፤ ለጤና ሙያዎች ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮ ሳይንስ የተማረ ይመረጣል።

በዚህ ብቻ አያበቃም። ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። ምዘናው የሚሰጠው ካሠለጠነው ኮሌጅ ውጭ ባለ አካል ነው። ከዚያም የሙያ ፈቃድ ማውጣት ይከተላል። ስለ መግቢያ የሚደረገው ወሬ ሁሉ ግን የሚያተኩረው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነው፤ ቤተሰብ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው ሌሎቹ እንዳሉ የሚያውቀው።

የፈተናው ውጤት ራሱ ሁኔታውን አክብዶታል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህ ማለት ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው ሌላ መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው። ቀድሞ በመጠነኛ ውጤት ዩኒቨርሲቲ ይገባ የነበረው ተማሪ ዛሬ የደረጃ 4 በር ላይ ተሰልፏል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ነጥብ ማየት ለመራጩ ቀላሉ መንገድ ይሆናል። ቀላል ስለሆነ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም።

ከስልክ ላይ የሚነበበው መስፈርት

ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚገኘው የኢኤምቲ መግቢያ መረጃ የአሜሪካ ነው። ዲቪ የሞላ፣ ዘመድ ያለው፣ ወይም ዝም ብሎ የሚፈልግ ወጣት የሚያገኘው እሱን ነው። እዚያ ኢኤምቲ የሚባለው መሠረታዊ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 190 ሰዓት የሚወስድ ነው። በብዙ ቦታ 18 ዓመት መሙላት፣ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅ፣ የሲፒአር ምስክር ወረቀት መያዝ፣ ለልምምድ ሆስፒታል ከመግባት በፊትም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድ ይጠየቃል። ሲፒአር ልቡ የቆመን ሰው ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ደም እንዲዘዋወር የማድረግ ዘዴ ነው። መንጃ ፈቃዱን የሚፈልጉት ቀጣሪዎቹ ናቸው፤ እዚያ ኢኤምቲው ተራ እየገባ አምቡላንሱን ይነዳልና። የፓራሜዲክ ሥልጠና ደግሞ ከ1,000 ሰዓት በላይ ይዘልቃል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ስም የያዙ ሁለት ሥልጠናዎች ናቸው። የእኛው ደረጃ 4 ከጥቂት ወራት ኮርስ በጣም ይረዝማል፤ መግቢያው በብሔራዊ ፈተና ውጤት የታሰረ ነው፤ መንዳት የሌላ ሰው ሥራ ነው። እዚህ የተገኘ ምስክር ወረቀትም እዚያ በቀጥታ አይመነዘርም፤ የሚፈለገው የዚያ ግዛት ያጸደቀው ሥልጠናና የዚያ አገር ፈተና ነው። «ሠልጥኜ እሄዳለሁ፤ ስደርስ ወዲያው ሥራ እጀምራለሁ» ብሎ ያቀደ ወጣት ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ከአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መስፈርቶቹ ከሥራው ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። ክትባቱ ከደም ጋር ስለሚሠራ ነው፤ ሲፒአሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ዕድሜው በሰው ሕይወት ላይ የሕግ ኃላፊነት ስለሚወስድ ነው። የእኛው በር ግን በዋናነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈተናው ስንት መጣ?

አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር

ይህ ጥያቄ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ለማየት ወደ አምቡላንሱ ውስጥ እንግባ። ሕመምተኛው በደባርቅ የሳንባ ምች ጸንቶበት ወደ ጎንደር ተልኳል እንበል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳስቷል። አምቡላንሱ ውስጥ 5 ሊትር የሚይዝ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፤ የግፊት መለኪያው 100 ባር ያሳያል። ኢኤምቲው ሁለቱን ያባዛል፤ በውስጡ ያለው 500 ሊትር ኦክስጅን ነው። ለሕመምተኛው በደቂቃ 10 ሊትር ከተሰጠው 500 ለ10 ሲካፈል 50 ደቂቃ ይሆናል። መንገዱ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዳባትን አልፈው አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ ሲሊንደሩ ባዶ ይሆናል።

ይህን ከደባርቅ ሳይነሣ ያሰበ ባለሙያ ሁለተኛ ሲሊንደር ያስጭናል፤ ወይም የኦክስጅኑን መጠን የሕመምተኛውን ጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ እያየ ይቀንሳል። ያላሰበው መንገድ ላይ ነው የሚያውቀው። ስሌቱ ማባዛትና ማካፈል ነው፤ ከ7ኛ ክፍል አያልፍም። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ሃምሳ ያመጣ ተማሪ ሊያደርገው ይችላል፤ ሠላሳ ያመጣውም እንዲሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው መኪናው ከመነሣቱ በፊት መለኪያውን የማየት ልማድ ነው። እሱን ደግሞ የትኛውም የምርጫ ጥያቄ አይለካውም።

ሌላ እንመልከት። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት መጫን አለበት። ሥራው አድካሚ በመሆኑ ጫኙ በየሁለት ደቂቃው እንዲቀየር ይመከራል። ይህን በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ተንበርክኮ ለማድረግ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ሰው ከገደል ሥር አንሥቶ ለማውጣትም እንዲሁ። የነጥብ ዝርዝር ላይ የተማሪው ወገብና ክንድ አይታይም።

በጥር 2012 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሲሞቱ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ተጎድተው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የመጀመሪያው ሥራ «ትሪያጅ» ይባላል፤ ማን አሁኑኑ ካልታከመ እንደሚሞት፣ ማን መጠበቅ እንደሚችል በሰከንዶች ውስጥ መለየት ነው። በጣም የሚጮኸው ሰው ብዙውን ጊዜ ሊጠብቅ የሚችለው ነው፤ ዝም ያለው ነው ቶሎ መታየት ያለበት። በጩኸቱ መካከል ዝም ወዳለው መሄድ ከዕውቀት በተጨማሪ የመንፈስ እርጋታ ይጠይቃል።

በሩ ከፍ ይበል የሚሉ

ነጥቡ ከፍ እንዲል ወይም እንዳይነካ የሚከራከሩ ሰዎች ከንቱ ምክንያት አይደለም የያዙት። የጤና ሥልጠና በአንድ ዘመን በየከተማው ተስፋፍቶ ልምምድ በቅጡ ያላገኙ ምሩቃን በብዛት የወጡበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ኢኤምቲ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ እንዳለ ነርስ ዘወር ብሎ የሚጠይቀው ዶክተር የለውም፤ መኪናው ውስጥ ብቻውን ነው። የመድኃኒት መጠን ቢሳሳት የሚያርመው የለም። የሥልጠናው መጽሐፍና የመድኃኒቱ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሠልጣኝ በሙያው ውስጥ ማደግም አይችልም። ከዚህም በላይ በሩ ከላላ የሚጠቀሙት ቁጥር የሚፈልጉ ከፋይ ተቋማት እንጂ ሠልጣኙ አይደለም ይላሉ።

ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ደካማ ጎኑ ግን የሚፈራውን አደጋ በተሳሳተ ቦታ ለማቆም መሞከሩ ነው። ልምምድ ያላገኘ ምሩቅ የሚፈጠረው ልምምድ በሌለበት ኮሌጅ ነው፤ በ12ኛ ክፍል ውጤቱ ምክንያት አይደለም። ከፍተኛ ነጥብ ይዞ የገባም ሰው አንድም ቀን አምቡላንስ ላይ ሳይወጣ ከጨረሰ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው።

ጎንደር ይህን ጥያቄ ድሮም አንሥታዋለች

ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. እንደ ሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። ከመቋቋሙ በፊት በደንቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ጨርሶ ነበርና፣ አገሪቱ በእጇ ያሉትን ጥቂት ሐኪሞች ብቻ ይዛ ገጠሩን መድረስ እንደማትችል ግልጽ ሆኖ ነበር። መፍትሔው አዲስ ዓይነት ባለሙያ መፍጠር ሆነ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በአንድ ቡድን ሆነው ሠለጠኑ። ቡድኑ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ወጥቶ ይለማመድ ነበር። በዚያን ጊዜም «ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት ያክማል?» የሚል ጥርጣሬ መነሣቱ አይቀርም። የሙያውን ክብር የጠበቀው በመስክ የሚሰጠው ልምምድ ነበር፤ በቡድን የመሥራቱ ልማድም ዛሬ ድረስ የተቋሙ መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ መስፈርትን በሌላ መልክ አወጣው። የምትመረጠው ሴት 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ ከዚያው ቀበሌ የተገኘች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር እንድትሆን ተጠየቀ። ለአንድ ዓመት ሠልጥና ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ከ30 ሺሕ በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ሥራ ላይ ተሰማሩ። የትምህርቱ መግቢያ ዝቅ ያለ ነበር፤ የቦታው መግቢያ ግን ጥብቅ ነበር። ሥልጠናው አነሰ የሚል ትችት ሲበረታም በሩን ከመዝጋት ይልቅ ሠራተኞቹን ወደ ደረጃ 4 ማሳደግ ተመረጠ። ኢኤምቲ ላይ ይህ «ከየት ነው የመጣኸው? ወዴትስ ትመለሳለህ?» የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አይሰማም። ውጤቱም የሚገመት ነው፤ ከጭልጋ ወይም ከጃናሞራ የመጣ ሠልጣኝ ትምህርቱን ሲጨርስ ከተማ ውስጥ ሥራ ይፈልጋል፤ የወረዳው አምቡላንስ በሾፌር ብቻ ይሄዳል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ለዚህ ክርክር ከማውቃቸው ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነውና። በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕመምተኛ የሚያመላልሱት የፖሊስ መኪኖችና የቀብር አስፈጻሚ ተሽከርካሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 «ፍሪደም ሃውስ» የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ሲመሠረት ሠልጣኞቹን የመረጠው ከጥቁሮች ሰፈር፣ ሥራ አጥ ከነበሩና አንዳንዶቹ ሁለተኛ ደረጃን እንኳ ካላጠናቀቁ ወጣቶች መካከል ነው። የዘመናዊ ሲፒአር አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሐኪም ፒተር ሳፋር 300 ሰዓት ገደማ የሚወስድ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሥልጠና ነደፈላቸው። በኋላም ሐኪሟ ናንሲ ካሮላይን አብራቸው እየወጣች አሠለጠነቻቸው። ለዘመናዊው የፓራሜዲክ ሙያ መሠረት ከጣሉት መካከል ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የከተማው አስተዳደር አገልግሎቱን ጠቅልሎ ሲወስድ ግን አዲስ ፈተናና አዲስ መስፈርት መጣ፤ ከነባሮቹ ብዙዎቹ በሂደት ከሥራው ወጡ። አንድ መስፈርት ብቁ ሰዎችን እንዴት ከውጭ ሊያስቀር እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ታሪኩ «ማንም ይግባ» ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ እንበል። እነዚያ ወጣቶች የገቡበት በር ሰፊ ቢሆንም ያለፉበት ሥልጠና ከባድ ነበር።

ቋንቋና የተዘጋ ትምህርት ቤት

የ12ኛ ክፍል ፈተና አብዛኛው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ነጥቡ የሚለካው የባዮሎጂ ዕውቀትን ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የተማረበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ምን ያህል እንዳስተማረው ጭምር ነው። ሕመምተኛው ግን የሚናገረው አማርኛ ነው። «ውጋት ያዘኝ»፣ «ልቤን አፈነኝ»፣ «ያጥወለውለኛል» ሲል ሦስቱን ለይቶ የሚረዳ፣ እናቲቱን «አይዞሽ እማ፣ ደሙ ከጀመረሽ ስንት ሰዓት ሆነው?» ብሎ የሚያናግር ሰው ነው የሚያስፈልገው። በቃል መጠየቅና ማድመጥ ቢፈተን ከአንዳንድ የገጠር ወጣቶች የሚበልጥ አይገኝም።

ከዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ተማሪ በጊዜው ለፈተና አልተቀመጠም። መንገድም በየጊዜው እየተዘጋ አምቡላንስ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል መድረስ የተቸገረባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ በጣም የሚፈለግበት አካባቢና ወጣቱ መስፈርቱን ለማሟላት የተቸገረበት አካባቢ አንድ ሆነዋል። የመቁረጫ ነጥቡ ልዩ ድጋፍ ለሚሹ አካባቢዎች ዝቅ የሚልበት አሠራር አለ ብለናል። ትምህርት ቤታቸው ለተዘጋ ወረዳዎችም ተመሳሳይ ነገር ማሰብ ምሕረት ማድረግ አይደለም፤ የአገልግሎቱን ፍላጎት መከተል ነው።

ከበሩ በኋላ ያለው

በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የጤና ሚኒስቴር ለየወረዳው አምቡላንስ አከፋፍሏል፤ ዋና ዓላማውም ወላድ እናቶችን ማድረስ ነበር። የቀይ መስቀልም 907 በሚለው አጭር ቁጥር ይጠራል። መኪና ከበፊቱ ይሻላል። የጎደለው መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ነው። ለኢኤምቲ የተፈቀደ የሥራ መደብ በሌለበት ወረዳ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ሠልጣኝ ብንመርጥ መጨረሻው መድኃኒት ቤት መቀጠር ወይም ሌላ ሥራ መሻት ነው። የመግቢያ መስፈርት ብቻውን የማይፈታው ነገር ይህ ነው።

ልምምዱም እንዲሁ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው መርሁ። ለኢኤምቲ ተግባር ማለት የድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተራ፣ የማዋለጃ ክፍል፣ በአምቡላንስ መውጣት ነው። አንድ ሆስፒታል የሚያስተናግደው የሕክምና ተማሪ፣ የነርስ ተማሪ፣ የአዋላጅ ተማሪ በበዛ ቁጥር የደረጃ 4 ሠልጣኙ ከኋላ ቆሞ ማየት ብቻ ይደርሰዋል። ደም የሚፈሳት ወላድ ሆድ ላይ እጁን አሳርፎ ማሕፀኗ እስኪጠነክር ማሸት በማየት አይለመድም።

ምን ሊለወጥ ይችላል?

እኔ የሚታየኝ መንገድ ነጥቡን ከፍና ዝቅ ከማድረግ የተለየ ነው። ነጥቡ እንደ መነሻ ይቆይ፤ ማንበብና መቁጠር የሚችል ሰው ለመለየት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ያለው መረጣ ግን ሥራውን ይምሰል፦ የመጠን ስሌት፣ አጭር ጽሑፍ አንብቦ መመሪያውን መፈጸም፣ ክብደት ተሸክሞ ደረጃ መውጣት፣ በአማርኛ ሕመምተኛ ማናገር። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ አሠልጣኝና አንድ ቀን ይበቃል። ወረዳዎች የራሳቸውን ዕጩ ልከው፣ መደብ ይዘውለት፣ ሲጨርስ የሚቀበሉበት ውል ቢኖርም የጤና ኤክስቴንሽኑ ልምድ ሳይባክን ይቀራል። አደጋም አለው፤ የወረዳ ዕጩነት ለዘመድ መጥቀሚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መረጣው ግልጽ ነጥብ ያለውና በኮሌጁም የሚረጋገጥ መሆን አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓትን ሲያብራራ ከባለሙያው በፊት ተራው ሰው እንዳለ ያስቀምጣል፤ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ ቃሬዛ ተሸካሚው። ለእነሱ የሚያስፈልገው የጥቂት ቀናት ሥልጠና ነው፤ የሚደማን ቁስል ተጭኖ ደሙን ማቆም፣ ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱን ሳያጥፉ ማንሣት። ይህ የመግቢያ ነጥብ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። ይህ እርከን ቢጠናከር ኢኤምቲው የሚደርስበት ሕመምተኛ ገና በሕይወት ያለ ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ዘንድሮ ልጁን ለማስመዝገብ ያሰበ ቤተሰብ ከነጥቡ ሌላ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። የኮሌጁ ዕውቅና በጅምላ ሳይሆን ለዚህ የሙያ መስክ፣ ለዚህ ደረጃና ለዚህ ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ወረቀቱን አይቶ ያረጋግጥ። ከዚህ በፊት ከጨረሱት ስንቱ ሲኦሲውን እንዳለፉ ይጠይቅ። ልጁ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን፣ ሦስቱንም ዙር፣ ይውሰድ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልምምዱ የት ሆስፒታል፣ ለስንት ሳምንት፣ በየትኛው አምቡላንስ ላይ እንደሆነ ስም ተጠቅሶ ይነገረው። መልሱ «ክፍል ውስጥ አሻንጉሊት አለን» ከሆነ ክፍያውን ገና አለመፈጸም ነው የሚሻለው።